ለሚስቴ ወገብ የተመረጠ ባሌስትራ

ሚስቴ ከመኪናዬ ወርዳ በትራም ወደ ቤት የሄደችው ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነው። እሑድ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ በሰው ፊት። ፍራንክፈርት፣ ግሪስሃይም ሰፈር፣ የትራሙን ሐዲድ ስሻገር የመኪናው ጀርባ ተነሣና ወደቀ፣ ደግሞ ተነሣ፣ ከዚያ ወደ ጎን ሸርተት አለ። ወገቧን ይዛ ጮኸች።

«አቁምልኝ!»

አቆምኩ። ቀስ ብላ ወረደች፤ በሩን ሳትዘጋ ቆመችና፣ «ከዛሬ ወዲያ እዚህ ነገር ላይ አልሳፈርም። ወይ አስተካክለው፣ ወይ ብቻህን ንዳው» አለችኝ። ሰው ሁሉ ያያል። ትራሙ መጣ፣ ገባች፣ ሄደች። እኔም በሩን ከውስጥ ተንጠራርቼ ዘጋሁ።

ትፈታኛለች ብዬ አልፈራሁም። በዚህ ዕድሜ ማን ማንን ይፈታል? የፈራሁት ሌላ ነው። ልጆቹ ከወጡ ወዲህ ቤት ውስጥ አንነጋገርም። አልተጣላንም፤ እንዲያው ወሬ አለቀብን። እሷ መኝታ ቤት ከስልኳ ጋር፣ እኔ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጋር። የምንነጋገረው መኪና ውስጥ ብቻ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ወደ ፊት ስናይ፣ የት እንደነበረ የማላውቀው ወሬ ይመጣል። ያንን ነው ትራሙ ይዞብኝ የሄደው።

ወገቧን ያበላሸው አልተንሃይም ነው፣ የሽማግሌዎች መጦሪያ። ዕድሜዋን በሙሉ የሰው እናትና አባት ስታነሣና ስታስተኛ ኖራ፣ የራሷ የወገብ ዲስክ ተንሸራተተና ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሙ በእግርሽ ሂጂ፣ ዋኚ፣ ግን አትንገጫገጪ አላት። የመጦሪያው ምስጋናም አንድ እቅፍ አበባ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን የጠወለገ።

መኪናው አሜሪካ ሠራሽ ነው፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ በዕድሜ ከትዳራችን የሚበልጥ። ፍራንክፈርት ስመጣ የአሜሪካ ወታደሮች ገና ከተማው ውስጥ ነበሩ። እኔ ኢነንሽታት፣ መሃል ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ሳህን አጥባለሁ፤ እነሱ እንዲህ ያለውን መኪና እያስጓሩ በኋላ በር በኩል ያልፋሉ። ሕልሜ ነበር አልልም፤ ሕልም ሕልም የሚል ሰው አልወድም። ቀንቼ ነበር። ጡረታ ስወጣ ገዛሁት። የማኅበራችን ሰዎች አሁንም ይስቁብኛል፤ «በዚህ ዕድሜ የጎረምሳ መኪና!» ይላሉ። ልጆቻቸው ስልክ የማያነሱላቸው ሰዎች ናቸው፤ ይሳቁ።

መጀመሪያ ያማከርኩት አንድ ጓደኛዬን ነው። ድሮ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። መኪናው ሥር አጎነበሰና ባሌስትራውን፣ ያን ተደራርቦ የታሰረ ቆልማማ ብረት፣ በእግሩ ነካ አደረገው።

«ደክሟል» አለ።

«እና?»

«እና ምን? ብረት አስጨምርበታ! አገር ቤት ምን ስናደርግ ነበር?»

እውነቱን ነው። እኛ አገር ባሌስትራ ሲደክም ብረት ይጨመርበታል። ደግሞ ሲደክም ደግሞ ይጨመራል። ጭነቱን እንቀንስ የሚል ሰው አላየሁም። እኔም ሳላስብ እሺ አልኩ። ጋራዥ የተከራየሁት እዚያው ግሪስሃይም፣ መጋዘኖቹ መሃል ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎች ክሪክ ላይ ሰቅለነው፣ እየተሳደብን በያንዳንዱ ጎን አንዳንድ ብረት ጨመርን።

ስናወርደው የመኪናው ቂጥ ሰማይ አየ። ጓደኛዬ «አየህ፣ ቀጥ አለ!» ብሎ ገባ። ከመጋዘኑ ግቢ ስንወጣ የጠጠሩ መንገድ ላይ ራሱ ከጣሪያው ጋር ተላተመ። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ኮፍያው ወደቀ።

«ምነው፣ ቀጥ አላለም?» አልኩት።

«ጭነት የለውማ! አሥር ኩንታል ጤፍ ብትጭንበት ይለሰልስ ነበር።»

«ሚስቴ አሥር ኩንታል አይደለችም።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለና ኮፍያውን አነሣ።

ቤት ስንደርስ ሚስቴ በመስኮት ታየን ነበር። ስገባ «መኪናህ እንቁላል ልትጥል የተነሣች ዶሮ መሰለ» አለች።

ከጋራዤ አጠገብ አንድ ኤርትራዊ መካኒክ አለ፣ ገና ወጣት፣ ሲያናግረኝ አንቱ የሚለኝ። መኪናውን አይቶ ራሱን ያዘ።

«ጋሼ! ይሄ እኮ ኤንትሬ የጭነት መኪና አይደለም! አሰብ ሊወርዱበት ነው?»

«አትሳቅብኝ። ምን ላድርግ? እሱን ንገረኝ።»

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ባሌስትራው በሙሉ ተነቅሎ ይጣላል። በምትኩ የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን አክስል አራት ክንድ ይይዘዋል፣ በግራና በቀኝ ጥምዝምዝ ሞላ ይቆምለታል። «ሓቂ፣ እውነቱን እነግርዎታለሁ፣ እንደ አዲስ መኪና ነው የሚሆንልዎ» አለ። ችግሩ ወለሉ ተቆርጦ መበየድ አለበት። የተቆረጠ መኪና ደግሞ ለአሮጌ መኪና የሚሰጠውን ልዩ ታርጋ ሊያጣ ይችላል። ሌላም አለ፣ በሞላ ፈንታ በአየር የሚነፋ ፊኛ። እሱ ደግሞ ሲተነፍስ መንገድ ላይ ያስቀራል።

ሳምንቱን ሙሉ አነበብኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ሀ ሁን ያስቆጠረችኝ ሚስቴ ናት፣ ጀርመንኛውን ደግሞ በማታ ትምህርት ተማርኩ። ስለዚህ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው፣ ዝግ ብዬ፣ አንድ ቃል ሳልዘል። ሁሉም ሻጭ የኔ ይሻላል ይላል። አንዱ ለውድድር፣ አንዱ ለፍጥነት፣ አንዱ ለመታያ። ለታመመ ወገብ የሚል አንድም አጣሁ። ቢሆንም ወደ ሞላው አዘነበልኩ። መኪናውን ልቆርጠው ነበር፤ እንደ ሥጋ።

ከመቁረጤ በፊት ባለው ማታ፣ እራት በልተን፣ ሳህኑን ሳነሣ ድንገት ጠየቅኳት።

«መኪናው ውስጥ፣ ምኑ ነው የሚያምሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ነው የምትጠይቀኝ? የሾፌር ወዳጅህን ጠየቅህ፣ መካኒኩን ጠየቅህ፣ ስልኩን ጠየቅህ።»

«አሁን ጠየቅኩሽ። ሲነሣ ነው?»

«መነሣቱን እችለዋለሁ። መውደቁ ነው። ከወደቀ በኋላ ደግሞ አያርፍም፤ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይጥለኛል። አንዱን ስችለው ሁለተኛው ይመጣል።» ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፣ ሰው እንደተሸከመች። «አሮጊት አልጋ ላይ ስታስተኛ እንዲህ ይዘህ፣ ይዘህ፣ ይዘህ ነው የምትለቃት። ቶሎ ከለቀቅሃት ትጮሃለች። ያንተ መኪና ቶሎ ይለቃል።»

በነጋታው ይህንኑ ለመካኒኩ ነገርኩት። ሳቁን አቆመ።

«እንደሱ ከሆነማ መቁረጥ አያስፈልገንም» አለ። «የሚይዘው ሾካብዞርበሩ ነው። ብረቱ ሲዘል፣ ይዞ ቀስ አድርጎ የሚያወርደው እሱ ነው። የእርስዎ ሞቷል። ባሌስትራውን ደግሞ ማለስለስ ነው እንጂ ማጠንከር አልነበረም።»

መረጥኩ። የጨመርነውን ብረት ነቀልን፣ አሮጌውንም አብረን። በቦታው ብረቱ ያነሰ፣ ለስላሳ ባሌስትራ አዝዤ አስገባሁ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ አዲስ ጎሚኒ፣ ያን የላስቲክ ቀለበት ማለቴ ነው። ሾካብዞርበሩ ላይ ብቻ አልቆጠብኩም፤ እንደፈለጉት የሚጠነክርና የሚላላ፣ በጣት የሚዞር ቁልፍ ያለውን ወሰድኩ። ወለሉን ማንም አልቆረጠው። ጓደኛዬ መጥቶ ቆመና፣ «ብረት ቀንሰህ ሊሻልህ? ጉድ ነው!» አለ። መፍቻ እንዲያቀብለኝ አዘዝኩት።

ምርመራ ወሰድኩት። ፕሩፈሩ፣ መርማሪው ማለት ነው፣ መብራቱን ይዞ ሥሩ ገባና ዝም አለ። ጀርመን ዝም ሲል መጥፎ ነው፤ ሲጽፍ ደግሞ የባሰ ነው። ወጥቶ እጁን ጠረገና «ሾን» አለ፣ ቆንጆ። ታርጋዬ ተረፈ። ውጭ ወጥቼ ታርጋውን በእጅጌዬ ወለወልኩት።

የቀረችው ዋናዋ መርማሪ፣ ሚስቴ ናት።

«ቅዳሜ ልጃችን ዘንድ ምሳ አለን፤ በመኪናው እንሂድ» አልኳት።

«ቅዳሜ ቴርሚን አለኝ» አለች፣ ቀጠሮ ማለቷ ነው።

«ከማን ጋር?»

«ከወገቤ ጋር።»

ቅዳሜ ግን ትራስ ይዛ ወረደች። ትራሱን ከጀርባዋ አደረገች፣ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በቀኝ እጇ ጨበጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጥርስ ልታስነቅል የመጣች ይመስል። ልጃችን የምትኖረው ኡንተርሊደርባህ ነው፤ አቋራጩን ትቼ ሆን ብዬ በሐዲዱ በኩል ሄድኩ። እዚያ ካልቻለው የትም አይችልም።

ሐዲዱ መጣ። ጀርባው ተነሣ። ከዚያ ወረደ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዴ ብቻ፣ አረፈም። ሁለተኛው መነሣት አልመጣም። አላየኋትም፤ ባያት አለቅስ ነበር ወይም እሰድባት ነበር፣ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ጥቂት ሄደን ሰረቅ አድርጌ ሳይ፣ እጇ ከመያዣው ወርዶ ጭኗ ላይ ተቀምጧል።

«ይሄ መኪና ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» አለች።

«ይሸታል።»

«ሬዲዮውም አይሠራም።»

«አይሠራም።»

«ደግሞ ምን ትንፏቀቃለህ? ብስክሌቱ እንኳ ቀደመህ። ንዳው እንጂ!»

ነዳሁት። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ የእህቷን ልጅ ሠርግ አነሣች፣ ከዚያ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን የአንዲት የመጦሪያው አሮጊት ታሪክ፣ ማታ ማታ ተነሥታ አልጋ ቀይሩልኝ እያለች ትለምን የነበረችውን። ትራሱን ከጀርባዋ አውጥታ የኋላ ወንበር ላይ ወረወረችው። የልጃችን መታጠፊያ ደረሰ፤ ፍሬቻ አበራሁ።

«የት ነው የምትታጠፈው?»

«ደረስና!»

«ሳልጨርስልህ? ቀጥ በል።»

ቀጥ አልኩ። ስልኳ ጮኸ፣ ልጃችን ናት፤ ምግቡ ቀዘቀዘ፣ የት ናችሁ ትላለች፣ በጀርመንኛ፣ ተቆጥታ። ሚስቴ በአማርኛ መለሰችላት።

«አሙቂዋ! ምድጃ የለሽም እንዴ?» ብላ ዘጋችባትና፣ ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች።