የጦስኝ ዘይትና የአያ ሰጠኝ ምላጭ

የትናየት ኑሮዋ ጦስኝ ነው። ከሙጃ ከተማ በላይ ካለው ተራራ የታጨደውን ከማኅበርተኞቿ ጋር በበርሜል እየቀቀለች፣ ከእንፋሎቱ ዘይቱን ታጠራቅማለች። አንድ ጊዜ ዘይት የነካ እጇን ሳትታጠብ የዳቦ ሊጥ አቦካች። ሊጡ ቢጠበቅ፣ ቢጠበቅ፣ ኩፍ አልል አለ። "እርሾውን ገደልሽው!" ብለው ሴቶቹ ሳቁባት።

ዛሬ ያ ሊጥ ትዝ አላት። የአራስ ልጇ ምላስ አይብ የተለጠፈበት ይመስላል፤ ጡት ሲያቀርቡለት ይጮኻል። አማቷ እትዬ የሻረግ አንዴ ገልመጥ አደረጉትና፣ "እንጥሉ ወርዷል። አያ ሰጠኝ መጥቶ ይቁረጠው" ብለው ላኩበት።

ጡት እምቢ ባለ ሕፃን ጉሮሮ ሁሉ ምላጭ መክተት ምን የሚሉት መድኃኒት ነው? የመጀመሪያ ልጇ በዚሁ ምላጭ ደሙ አልቆም ብሎ ሞቷል! "እግዜር ወሰደው" ተባለ። እግዜር ምላጭ ይዞ መጣ እንዴ?

የዘይቱን ብልቃጥ ከፈተች። እርሾ የገደለ ይህን ነጭ ነገር አይገድልም? ጣቷን ነክራ ወደ ልጁ አፍ አስጠጋች። ፈራች። መልሳ የራሷ ምላስ ላይ አደረገችው። እሳት! ዓይኗ እንባ ሞላ። ይህን ለጨቅላ?

"ቤቶች!" አለ ከደጅ የወንድ ድምፅ።

ልጁን አዝላ በጓሮ ወጣች። ጤና ጣቢያ እስክትደርስ ዞር ብላ አላየችም። ነርሷ የልጁን አፍ ከፍታ አየች።

"ፈንገስ ነው፤ እንጥሉ ምንም አልሆነም። ለእሱ ጠብታ፣ ለጡትሽ የሚቀባ እሰጥሻለሁ።"

"ይሄስ?" ብልቃጡን አሳየቻት።

"ፈንገሱን ይገድል ይሆናል። የልጁንም ጉሮሮ ያነደዋል። ወዲያ አርጊልኝ!"

እህቷ ቤት ሰነበተች። ልጁ እየጎተተ መጥባት ሲጀምር ተመለሰች። እትዬ የሻረግ ደጃፍ ላይ ቆመዋል።

"አንቺ! ሰው ፊት አዋረድሽኝ!"

"ጠባ እኮ፣ እትዬ። ሳይቆረጥ ጠባ።"

"እሰይ! እና የጠራሁትን ሰው እንዲሁ ልመልሰው? የብርቅዬም ልጅ አልጠባም ብሎ ነበር፤ አያ ሰጠኝን እዚያ ወሰድኩት።"

የብርቅዬ ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው። የትናየት ልጇን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ቆማ አዳመጠች። ሌላ ጊዜ የዚያ ሕፃን ልቅሶ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።