ትኬት የቆረጡ ድመቶች

ኣርኣያ የጎዳይፍ ሰፈር አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ኖሮ፣ ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት ድመት ማመላለስ አማረው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈሩ ባለቤት በሌላቸው ድመቶች ተጥለቀለቀ፤ የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሰገን ደግሞ፣ «እየያዝክ አምጣልኝ፤ እንዳይዋለዱ አድርጌ እመልስልሃለሁ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ኣርኣያ እጁ ተቧጭሮ፣ ክዳን ያለው ቅርጫት ታቅፎ፣ በገዛ አውቶቡሱ እንደ መንገደኛ ይሄዳል። ሐኪሟ ድመቷን አስተኝታ ሥራዋን ስትጨርስ የግራ ጆሮዋን ጫፍ ቆረጥ ታደርጋለች፤ የታከመችው እንድትለይ፣ ሁለተኛ ቢላ እንዳያርፍባት።

«በቃ፣ ትኬት ቆርጣለች ማለት ነዋ!» አለ ኣርኣያ፣ ደስታው ወሰን አጥቶ።

እሱ ትኬት ይበለው እንጂ ጎረቤቱ ሁሉ የገበሬ ልጅ ነው። በገጠር ደግሞ ጆሮው ላይ ምልክት ያለው ከብት ባለቤት አለው። ስለዚህ ሰፈሩ ሳይማከር አንድ ልብ ሆነ፦ ኣርኣያ የድመት መንጋ ያረባል። ወተት የተደፋበት ወደ እሱ፣ ሥጋ የተሰረቀበት ወደ እሱ። «ከብትህን ሰብስብ!» ይሉታል። ከሁሉም አውራ የሆነው፣ እሱ ራሱ «ሹፌር» ብሎ ስም ያወጣለት አንድ ዓይናው ድመት የወይዘሮ ኣብርሄትን ዶሮ የበላ ዕለት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የሰፈር ስብሰባ ተጠራ። በዚያን ጊዜ ከስብሰባ የሚቀር ሰው አልነበረም፤ ወንበር ያጣው እንኳ ቆሞ አስተያየት ይሰጥ ነበር።

ሰብሳቢው ኣቦይ በርሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስማ ወደይ፣ ልጄ፣ ሕጊ ሕጊ ነው። ድመቶቹ ያንተ ከሆኑ የበሉትን ትተካለህ። ካልሆኑ ባለቤት የላቸውም፤ ነገ መርዝ ይበተናል። በል ንገረና፣ የማን ናቸው?»

ኣርኣያ በሁለት በኩል ተያዘ። ሚስቱ ንግሥቲ ጠዋት ሲወጣ፣ «የኔ ናቸው ብለህ እዚህ ቤት እንዳትመጣ» ብላዋለች። የኔ አይደሉም ቢል ደግሞ ሹፌርን በገዛ አፉ ገደለው ማለት ነው። ያን ሌባ ድመት ይወደው ነበር።

«ኣይፋል፣ የኔ አይደሉም» አለ በመጨረሻ። «እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ተሳፋሪ የትኬት ቆራጭ ንብረት ነው እንዴ? ግን ትኬት የቆረጠ መንገደኛ ከማኪና ተወርውሮ ያውቃል? እነዚህ ከእንግዲህ አይወልዱም፤ ፌርማታቸው ሲደርስ በሰላም ይወርዳሉ። እናንተ መርዝ ብትበትኑ ግን ባዶውን ወንበር ሌላ ድመት ይይዘዋል፤ ያውም ቤተሰቡን አስከትሎ!»

ስብሰባው በሳቅ ፈነዳ። ኣቦይ በርሄም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ለሰፈሩ ሕግ አወጡ፦ ትኬት የቆረጠች ድመት የጎዳይፍ ናት፤ የመረዛት ይቀጣል፤ ያልቆረጠችው ወደ ኣርኣያ ትምጣ። እጅ አውጡ ሲባል ሁሉም አወጣ፣ ከወይዘሮ ኣብርሄት በቀር።

«ዶሮዬስ?» አሉ ወይዘሮ ኣብርሄት።

ኣርኣያ በድሉ ሰክሯል። «የኛን ነጯን ውሰዱ!» ብሎ ጮኸ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ነጯ ዶሮ የንግሥቲ ነበረች፤ በየቀኑ የምትጥል፣ እንደ ልጅ የምትቆላመጥ።

ወሬው ቀድሞት ቤት ደረሰ። ኣርኣያ ሲመጣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ የምሳው ዝግኒ ወጥ ሽታ ግን ውጭ ድረስ ወጥቷል።

«ንግሥቲ፣ ክፈቺልኝ፤ ሕጉ እኮ ጸደቀ!»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሹፌር ከየት መጣ ሳይባል በአጠገቡ አለፈና መስኮቱ ላይ ዘሎ ወጣ። ንግሥቲ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አንዴ ባሏን፣ አንዴ የድመቱን የተቆረጠ ጆሮ አየች።

«አንተ ግባ» አለችው ድመቱን። «አንተ ትኬት አለህ።»