አንድም ቀን አልዘለልኩም

መጀመሪያ ያቃጠለኝ ቀኝ ጎኔ ነው። ሆሳዕና ከተማ ተከራይተን በምንማርበት ቤት፣ ጠዋት የዩኒፎርሜን ሸሚዝ ስለብስ ጨርቁ ሲነካኝ ጮህኩ። በማግስቱ ከጡቴ ሥር እስከ ጀርባዬ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ተደረደረ። አልማዝ ባለጭራ ነው። የሰውነት መከላከያ ሲደክም እንደሚወጣ ስለማውቅ ለማንም አላሳየሁም።

የተወለድኩት ከኤችአይቪ ጋር ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ፎንቆ ያለችው አክስቴ ናት። እውነቱን የነገረችኝም፣ መድኃኒቱን ያስለመደችኝም እሷ ናት። ለትምህርት ስትሸኘኝ እጇን ጭና ጸለየችልኝና፣ "ልጄ፣ ሰው እንዳያውቅብሽ። መድኃኒቱን ደግሞ አንድ ቀን እንዳታስቀሪ" አለችኝ። ሁለቱንም አደረግሁ። ጣጣው የመጣው ሁለቱን አንድ ላይ በማድረጌ ነው።

አብራኝ የተከራየችው ልጅ ታደለች ትባላለች፤ የጃጁራ ልጅ ናት። አይኗ ፈጣን፣ አፏም ፈጣን። ቤታችን አንዲት ክፍል ናት። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ በየማታው ኪኒን መዋጥ በር ላይ ማስታወቂያ እንደ መለጠፍ ነው። ስለዚህ ጨጓራ አለብኝ አልኳት። በእኛ አገር ጨጓራ የሌለበት ተማሪ የታለ? ማንም አይጠረጥርም። ውሸቴ ጎዶሎ እንዳይሆን ከፋርማሲ የሚታኘክ የጨጓራ ኪኒን ገዝቼ ትራሴ አጠገብ በግልጽ አስቀመጥኩ። የራሴን ብልቃጥ ሻንጣዬ ውስጥ ደበቅሁ። ከእራት በኋላ ያንን እያኘክሁ ይሄኛውን ዋጥ አደርጋለሁ። ታደለች ጭራሽ አስታዋሼ ሆና ቀረች፤ "አንቺ፣ ጨጓራሽን ረሳሽ!" ትለኛለች።

የጎኔ ሕመም ሲብስብኝ ክትትል ወደማደርግበት ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሩ ሽፍታውን አይቶ አሳይክሎቪር የሚባል መድኃኒት አዘዘልኝ። ደም ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ጠራኝ።

"ቫይራል ሎድሽ፣ በደምሽ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ጨምሯል። መድኃኒቱን እየዘለልሽ ነው።"

ጥያቄ አልነበረም።

"አልዘለልኩም።"

"በእናንተ ዕድሜ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው።"

ወደ ምክር ክፍል ተላክሁ። ስለ አድኸረንስ፣ መድኃኒትን ሳያቋርጡ በሰዓቱ ስለ መውሰድ፣ ተነገረኝ። በየቀጠሮው ተነገረኝ። አልዘለልኩም አልኩ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ክብደቴ ቀነሰ። አፌ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣ። ምግብ አቃጠለኝ። ደሜ እንደገና ተመረመረ። ቫይረሱ አልወረደም።

"የመጀመሪያው አልሠራም፤ ወደ ሁለተኛ መስመር መድኃኒት ልንቀይርሽ ነው" አለኝ ዶክተሩ። "እሱንም ከጣልሽ ምርጫችን እየጠበበ ይሄዳል።"

አክስቴ ከፎንቆ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች። "እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ። ጣልሽው እንዴ?" እሷም አላመነችኝም። ሞትን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም፤ ያን ቀን አሰብኩት። ከሞት ይልቅ ግን ሞቼ እንኳ ውሸታም መባሌ አንገበገበኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ቦርሳዬን ይዤ ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ ያለኝን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

"ይኸው፣ ዶክተር። የምወስደው ይሄ ነው። የቱን ነው የዘለልኩት? ያሳዩኝ።"

ብልቃጡን አየ። ከዚያ የጨጓራውን ኪኒን አነሣ።

"ጨጓራ አለብሽ?"

"የለብኝም።"

"ታዲያ ይሄ ለምንድን ነው?"

"ለሰው ዓይን ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ከመድኃኒትሽ ጋር አብረሽ ነው የምትወስጂው?"

"አብሬ ነው። ሁልጊዜ።"

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የጨጓራው ኪኒን ማግኒዥየምና አሉሚኒየም አለበት። እነሱ የእኔን መድኃኒት፣ ዶሉቴግራቪርን፣ ሆድ ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጉታል። የምውጠውን መድኃኒት በገዛ ውሸቴ አስሬው ነበር ማለት ነው።

"መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም" አለኝ። "ይቅርታ። አልዘለልሽም።"

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የደስታም የንዴትም ነው።

መድኃኒቱ ሳይቀየር ያለ ጨጓራ ኪኒን እንድሞክረው ተስማማን። ያን ማታ ታደለች እንደ ልማዷ፣ "አንቺ፣ ጨጓራሽ!" አለች። ሌላ ውሸት ማሰብ እችል ነበር። ደከመኝ። ብልቃጡን ከሻንጣው አወጣሁት።

"ጨጓራ የለብኝም። ኤችአይቪ ነው ያለብኝ። ይሄ መድኃኒቱ ነው።"

እያየችኝ ዋጥኩት። በማግስቱ ኩባያዋን ለብቻ ስታስቀምጥ አየሁና፣ "ባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ላይ ተኝተሽ ነበር? በኩባያ አይተላለፍም" አልኳት። ተናደደች። ከዚያ አፍራ ሳቀች። ኩባያው ወደ ቦታው ለመመለስ ግን ጊዜ ወሰደ፤ እኔም አልለመንኳትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ቀስ ብለው፣ ግን ሁልጊዜ ወደ ደህናው እየሄዱ አለፉ፤ አፌ ጸዳ፣ ምግብ ጣመኝ፣ ጎኔ ላይ ጠባሳው ቢቀርና በብርድ ቢጠዘጥዘኝም ሸሚዜን ያለ ጩኸት መልበስ ጀመርኩ። ቫይራል ሎዴ በምርመራ ከሚታይበት መጠን በታች የወረደ ዕለት አክስቴ ስልክ ላይ እልል ስትል ጎረቤት ሁሉ ምን ተገኘ ብሎ እንደወጣ ነገረችኝ።

እንደኔ ለሆናችሁ ልጆች፦ ለሁሉም ሰው ተናገሩ አልልም፤ ለማን እንደሚነገር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ለሐኪማችሁ ግን የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩት፤ የጨጓራውንም፣ የደም ማነሱንም፣ የቫይታሚኑንም። ጨጓራው እውነት ከሆነ ደግሞ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚወሰድ ጠይቁት። ለምትመክሩን ደግሞ፦ ዘልላለች ከማለታችሁ በፊት ከምን ጋር እንደምትውጠው ጠይቋት።

ዶክተሩን አመሰግናለሁ፤ ይቅርታ ማለት የሚችል ሰው ነው። አክስቴን አመሰግናለሁ። ታደለችንም። አሁንም አብረን ነን። ሰዓቱ ሲደርስ፣ እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም፣ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ "አንቺ፣ ኪኒንሽ!" ትላለች። ድምፅሽን ቀንሺ አልላትም።