ለባለቤቴ ውሻ የገዛሁት የአንገት ማሰሪያ

ባለቤቴ ከቤታችን የወጣው በባጃጅ ነው። ደረቱን ሲያመው አድሮ ስለነበር ደግፈን አስገባነውና እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ውሻው ተከተለን። ወልቂጤ ውስጥ ከእኛ ሰፈር እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ በድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ባጃጅ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ውሻውም ከጎማው እኩል እየሮጠ አስፋልቱ ጋ ደረሰ። እዚያ ባለቤቴ የላስቲኩን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ በጉራጊኛ አንድ ቃል ተናገረው። ተመለስ ማለቱ ነው። ውሻው ቆመ። ዞር ብዬ ሳይ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ያየናል።

ውሻው ከባለቤቴ አፍ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማው ያንን ነው። ለእኔ ከዚያ በኋላም ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ነገር ነግሮኛል፤ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ስለ ልጃችን፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን በርሜሉን መሙላት እንዳልረሳ። በዚህ ከውሻው እሻላለሁ።

የጉራጌ ሰው የትም ይኑር፣ ሲሞት የሚቀበረው የተወለደበት መንደር ነው። ባለቤቴም የፈለገው ይህንኑ ነበር። አስከሬኑን ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ አገሩ ወሰዱት። የእኔ አባት ግን ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነበር። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ወልቂጤ ቢሆንም በእኛ ቤት ልማድ ሟች መጀመሪያ ቤቱ ይገባል፤ የሚሸኘውም ከገዛ በሩ ተነሥቶ ነው። «ለትንሽ ደቂቃ ቤቱ ይግባ» ልል አፌን ከፈትኩ። መኪናው ዞሮ ነበር፤ ወንድሞቹ እያለቀሱ ነበር። እኔም ተሳፈርኩ። ባለቤቴ ወደ ቤታችን በእግሩም በሣጥንም ሳይመለስ ቀረ። እኔ ሲቀበር አይቻለሁ። ውሻው ያየው ግን ባጃጁን ብቻ ነው።

ከቀብር ስንመለስ ለቅሶ ደራሽ መምጣት ጀመረ፤ ለቅሶ ደራሽ ደግሞ የሚመጣው በባጃጅ ነው። አንድ ባጃጅ በራችን ላይ በቆመ ቁጥር ውሻው ዘሎ ይወጣል። መጋረጃው ሥር አፍንጫውን አስገብቶ ውስጡን ያሸታል። የሚወርዱት ጥቁር የለበሱ ሴቶች ናቸው። ባጃጁ ሲነሣ ጎማውን ሊነክስ እየታገለ እስከ አስፋልቱ ይከተለዋል። ያ አስፋልት የጅማ መንገድ ነው፤ አይሱዙውም፣ አውቶቡሱም፣ ቦቴውም በዚያ ያልፋል።

ሴቶቹ ይህን ሲያዩ «እየጠበቀው እኮ ነው!» ብለው እንደገና ያለቅሳሉ። እኔ አላለቅስም ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ይመጣል ብሎ የሚያምን አንድ ፍጡር ቀርቶ ነበር። የባጃጅ ድምፅ ሲሰማ ከእኔ ቀድሞ ጆሮውን ያቆማል፤ እኔም የያዝኩትን ዕቃ እንደያዝኩ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ አብሬው እቆማለሁ። ከዚያ ነገሩ ትዝ ይለኛል። ያችን አንድ ትንፋሽ ግን ለማንም አልነገርኩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ባለባጃጅ በሩን አንኳኳ። ድሮ አምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ሰው ነው፤ አሁን የልጆች አባት ሆኗል። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«ቲቸር፣ አፍሬ ነው የመጣሁት።»

«ተናገር።»

«ትናንት ውሻውን እንዳልገጨው ስል ቦይ ውስጥ ገባሁ። ስፖኪዮዬ ተሰበረ። የጫንኳቸው ሴትዮ ጉልበታቸው ተላጠ።»

«እሱ እኮ ሰው አይነክስም።»

«ሰውማ አይነክስም፤ ጎማ ነው የሚነክሰው። እኛ ደግሞ የምንበላው ከጎማው ነው።» ሊስቅ ፈለገና ተወው። «ተራ ላይ ያሉት ልጆች ሥጋ ውስጥ አድርገን እንጣልለት እያሉ ነው። አንዴ ለመንኳቸው፤ የጋሼ ውሻ ነው፣ ቤቱ ሐዘን ላይ ነው አልኳቸው። ሁለተኛ የሚሰሙኝ አይመስለኝም።»

መርዙን ማለቱ ነው። በእኛ ከተማ ውሻ እንዴት እንደሚሞት የማያውቅ የለም፤ ጠዋት ሰው ሲወጣ አጥር ሥር ደርቆ ይገኛል፤ አፉ አረፋ ይዞ።

አሰርኩት። ባለቤቴ አስሮት አያውቅም ነበር፤ ግቢውን ሲዞር፣ እንሰቱን ሲኮተኩት ከኋላው ይከተለዋል እንጂ ሰንሰለት የሚባል ነገር አልነበረንም። ሰንሰለት ገዝቼ ግቢው ውስጥ ያለው አቮካዶ ዛፍ ላይ አሰርኩት። ቀኑን ሙሉ ሲያላዝን ዋለ። ወደ በሩ ሲወረወር ሰንሰለቱ አንገቱን አቆሰለው። ጎረቤቴ አራስ ነበረች፤ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «እትዬ፣ እኔስ ይሁን፣ ሕፃኑ ግን እንቅልፍ አጣ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ እሱ ባሰብኝ። ፈታሁት።

አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ስደውልላት ነው ነገሩን ያመጣችው።

«እማ፣ ሪሞት ያለው የአንገት ማሰሪያ አለ። ከበሩ ሲያልፍ ሪሞቱን ትነኪዋለሽ፤ ይመለሳል።»

«እንደ ቴሌቪዥን?»

«እንደ ቴሌቪዥን። ኮረንቲ ነገር ነው፤ ቀላል ነው ግን። አሰቃዪው እያልኩሽ አይደለም፤ እንዳይሞትብሽ ብዬ ነው።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «እሱ ደግሞ ከሞተብሽ እኔ ሥራዬን ትቼ መምጣቴ ነው።»

መናኸሪያው አካባቢ ስልክና የሶላር መብራት የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ እዚያ ሄድኩ። ባለሱቁ ከላይኛው መደርደሪያ ሁለት ካርቶን አወረደና አቧራቸውን በእጅጌው ጠረገ።

«ማዘር፣ ይሄኛው ድምፅ ያሰማል፣ እንደ ስልክ ይንቀጠቀጣል፤ በቃ። ይሄኛው ግን ድምፁም፣ መንቀጥቀጡም አለው፤ አልሰማም ካለ ደግሞ ኮረንቲ አለው። ለጅብም ይሆናል።»

«ጅብ የለኝም።»

«ለወደፊቱ ብዬ ነው።»

ቻርጀር ልትገዛ የቆመች ሴት ሳቀች። «አንተ፣ እስቲ ለባል የሚሆን ካለህ አምጣ! ሲመሽ ወደ ቤት የሚመልስልኝ!»

ባለሱቁም ሳቀ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ስትዞር ዐይኗ ጥቁር ቀሚሴ ላይ፣ ከዚያ ጥቁር ሻሼ ላይ ዐረፈ። «ውይ፣ በሞትኩት! አላየሁም እናቴ፣ ይቅር በይኝ።» ምንም አይደል አልኳት። የምሬን ነው። ቢኖረውማ እኔም እገዛ ነበር።

ሁለቱም ካርቶኖች ፊቴ ተቀመጡ። ባለሱቁን ክንዴ ላይ እንዲሞክርልኝ ጠየቅኩት። «ይቅርብዎ ማዘር» አለ፤ ካልሞከርክ አልገዛም ስለው እሺ አለ። የመጀመሪያው ክንዴ ላይ እንደ ጥንዚዛ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛውን በትንሹ ነካው። ክንዴ ሳላዘው ዘለለ። ከሕመሙ ይልቅ ድንጋጤው ይብሳል፤ አንድ ሰው ከኋላህ መጥቶ እንደመታህ ነው፤ ስትዞር ማንም የለም።

ብዙ ቆምኩ። ባለሱቁ ሌላ ሰው አስተናገደ፤ ተመለሰ፤ አሁንም ቆሜያለሁ። የመጀመሪያውን ብገዛ ለእኔ ይቀለኛል። ግን ውሻው የባጃጅ ድምፅ ሲሰማ እኔ በጩኸት ስጠራውም አይሰማኝም፤ እንኳን አንገቱ ላይ ለምትንቀጠቀጥ ነገር። ተራ ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ በትንሹ አይጀምሩም። ሁለተኛውን አልኩት። የኮረንቲውን ቀይ ቁልፍ አልነካውም፣ በድምፁ ብቻ አስተምረዋለሁ ብዬ ለራሴ እየነገርኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቁስሉ እስኪደርቅ ጠበቅኩና አሰርኩለት። የተማሪ ዩኒፎርም እንደሚለብስ ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ ጸጥ አለ። ልጄ ኢንተርኔት ላይ አንብባ በስልክ ታስተምረኝ ነበር። «ሪሞቱን ደብቂ እማ። ከአንቺ እንደመጣ ካወቀ የሚፈራው አንቺን ነው።» ነጠላዬ ሥር ደበቅኩት። ባለቤቴ በሩ ሥር ያነጠፈው ሰፊ ድንጋይ አለ፤ ክረምት ጭቃ እንዳይገባ ብሎ ቆሼ ከተማ ሄዶ ሲመለስ በመኪና ጭኖ ያመጣው ነው። ድንጋዩን ካለፈ ድምፁን አሰማለሁ። ውሻው ዞር ብሎ ያያል፤ ይሄዳል። መንቀጥቀጡን እነካለሁ። ዝንብ እንዳረፈበት ጆሮውን አራግፎ ይሄዳል።

ከዚያ የባለቤቴ እህት ከቡታጅራ መጣች። ሚኒባሱ አስፋልቱ ላይ አወረዳትና በባጃጅ እስከ በር መጣች። «ጌታ ያጽናሽ፣ የኔ እህት» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ውሻውን አያለሁ፤ መጋረጃው ሥር አሽትቷል፣ አላገኘም፣ ባጃጁም ተነሥቷል። ሮጠ። ከታች በኩል የአይሱዙ ጡሩምባ ተሰማኝ። ድምፁን ነካሁ። መንቀጥቀጡን ነካሁ። ቀዩን ነካሁ።

ጮኸ። ባለቤቴ እግሩን በስህተት ሲረግጠው እንኳ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። ባለበት ተሽከረከረ፤ የነካውን ፈልጎ መሬቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ እየሮጠ ወደ እኔ መጣና ጭንቅላቱን ነጠላዬ ሥር ቀበረ። ሪሞቱን የያዘችው እጄ ላይ። ይንቀጠቀጥ ነበር። በሌላው እጄ አሻሸሁት።

«ምን ነካው?» አለች የባለቤቴ እህት። «ንብ ነው?»

«አዎ፣ ንብ ነው።»

«የኔ ምስኪን! ጌታህ በሌለበት ንብ ደግሞ ይምጣብህ?» ብላ እሷም አሻሸችው። ሁለታችን መሐል ቆሞ ተረጋጋ።

ከዚያ በኋላም ነካሁት፤ ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ብዙ አላስፈለገውም። በየጊዜው ሊሸሸግ የሚመጣው እኔው ጋ ነበር። በሩ ቢከፈትም ድንጋዩ ጋ ሲደርስ መቆም ጀመረ። ባለባጃጁ አንድ ቀን ሰው አድርሶ ሲመለስ ይህን አየና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«ቲቸር፣ ምን ብለው አስተማሩት? እኛንም እንዲህ አድርገው ቢያስተምሩን ኖሮ ይሄኔ ዶክተር ነበርን!»

«እናንተን መትቻችሁ አላውቅም።»

«እሱማ እውነት ነው። ማስመሪያዎን እንኳ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚመቱት።» ከተራው ልጆች ጋር መነጋገሩን ነገረኝ፤ ነገሩ አልቋል፤ ማንም አይነካውም። አመሰገንኩት። ከልቤ ነው ያመሰገንኩት፤ ገብቼ ግን ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ውሻው ዳነ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፀሐይ ላይ ይተኛል። የባጃጅ ድምፅ ሲመጣ ግን ጆሮው አይቆምም። አገጩን የፊት እግሮቹ ላይ እንዳደረገ ዐይኑን ይጨፍናል፤ እስኪያልፍ ይጠብቃል። እኔም ዕቃ እንደያዝኩ መቆሜን ተውኩ። የምቆመው ከእሱ ጋር ነበር፤ ለብቻዬ እንዴት እንደሚቆም አላወቅኩበትም። ቤቱ ውስጥ አሁን የሚጠብቅ የለም።

በቅርቡ መብራት ለቀናት ጠፍቶ ማሰሪያው ቻርጅ ጨረሰ። ፈታሁለት። ፀጉሩ ሥር የማሰሪያው ሁለት ብረቶች ያረፉበት ቦታ ጎድጉዷል። ጥፋቴን ሳይሆን ሌላ ነገር ነው ያሰብኩት፤ ባለቤቴ አመሻሽ ላይ እስከ አስፋልቱ ድረስ አብሮት ይሄድ ነበር፣ ዛሬ እኔ ልሂድ አልኩ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ወጣሁ። ዞሬ ጠራሁት። ድንጋዩ ድረስ መጣ።

«ና፣ አይዞህ፣ የለም እኮ፣ ፈትቼዋለሁ» አልኩት። ጭራውን አወዛወዘ፤ እግሩን አላነሣም። ባለቤቴ ሲጠራው በሚለው ቃል፣ ባልለመደው አንደበቴ፣ በጉራጊኛ ጠራሁት። አሁን ጆሮው ቆመ። ከዚያ አንገቱን አቀርቅሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወደ እኔ ሊመጣ ይፈልጋል፣ ወደ እኔ መምጣት ደግሞ ከድንጋዩ ማለፍ ነው። ይሸሸግበት የነበረው ነጠላዬ ከድንጋዩ ማዶ ቆሟል። አራሷ ጎረቤቴ ልጇን ታቅፋ በሯ ላይ ታየናለች። ደግሜ አልጠራሁትም።

ተመልሼ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ከድንጋዩ ወዲህ ጎኔ ተኛና ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አደረገ። ከአስፋልቱ በኩል አንድ ባጃጅ ወደ ሰፈራችን ታጠፈ፤ ቀስ እያለ፣ በመንገዱ ድንጋይ ላይ እየተንገጫገጨ መጣና በፊታችን አለፈ። መጋረጃው ወርዶ ነበር፤ ማን እንደተቀመጠበት አይታይም። ቀና ብዬ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።