አምስት ዓመቷ ነው ያልኳት ጀልባ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ልርሳው ብል እንኳ የሚያስታውሰኝ ሰው ቤቴ ውስጥ አለ።

የምኖረው ካምፓላ፣ ኪዋቱሌ ነው። የእጮኛዬ የሂሩት አባት ጋሽ ታደሰ ሽማግሌ ከመቀበላቸው በፊት «መጀመሪያ ልጁን በዓይኔ ልየው» ብለው ከአዲስ አበባ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጺ ነበሩ። ብዙ አያወሩም፤ ያያሉ።

በጀልባ አንሸራሽራቸዋለሁ ብዬ ለሂሩት ፎክሬ ስለነበር ሐይቁ ዳር ወዳለው ጋባ ወደብ ወሰድኳቸው። ሰው የምታሻግር አንዲት የእንጨት ጀልባ ቆማለች። ጋሽ ታደሰ የሐይቁን ስፋት ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ስንት ዓመቷ ነው? ጠይቅልኝ።»

ባለጀልባውን፣ ሰፈሩ «ሙዜ» የሚላቸውን አዛውንት፣ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳቸው። ሙዜ ደስ ብሏቸው ታሪኳን ከሥሩ ጀመሩልኝ። የሠሯት አያታቸው ናቸው። ያኔ በመቅዘፊያ ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ ታመላልስ ነበር። አባታቸው ሞተር ገጠሙላት። እሳቸው ደግሞ የሆዷን ሳንቃ ሁለት ጊዜ ቀይረዋል። ከአያታቸው እጅ የቀረው የአፍንጫዋ እንጨት ብቻ ነው።

ይህን ብነግራቸው ጋሽ ታደሰ አይሳፈሩም ብዬ ፈራሁ።

«አምስት ዓመቷ ነው አሉ» አልኩ።

«ያን ሁሉ አውርተው ይህችን ብቻ?»

«ሙዜ ወሬ ይወዳሉ፣ አባባ።»

ጋሽ ታደሰ ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ገቡና የጀልባዋን አፍንጫ በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉ። ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ ሆዷን አንኳኩ። ሙዜም ሥራ አዋቂ እንዳገኙ ገብቷቸው እየሳቁ ተከተሏቸው። የጋራ ቋንቋ የሌላቸው ሁለት አዛውንት ሳንቃ በሳንቃ እያንኳኩ ሲግባቡ እኔ አስተርጓሚው ሥራ ፈትቼ ቆምኩ። ሂሩትን በገዛ አፌ ያጣኋት መሰለኝ።

በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ መጡና በዚያው ጣታቸው ደረቴን ቋ ቋ አደረጉ።

«የአፍንጫዋ እንጨት ዕድሜው ከእኔም ይበልጣል፤ ግን አንድም ቦታ ባዶ አይደለም። ይህኛውስ?»

«ፈርቼ ነው የዋሸሁት። እንዳይቀሩብኝ ብዬ።»

«እኔ የምፈራው ውሃ ነው እንጂ እርጅና አይደለም። በል አሁን እንደ ሰው ተርጉም።»

አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ከሁላችንም ቀድመው ተሳፈሩ። ደርሰን እስክንመለስ ግን የጀልባዋን ጠርዝ አልለቀቁም። ስንወርድ ጫማቸውን እያጠለቁ፣ «ሽማግሌ ላክ» አሉኝ። «የሂሩትን ዕድሜ ደግሞ እንዳትቀንስ፤ እሱን አውቀዋለሁ።»

ነገሩ ትዝ ሲለኝ አሁንም አፍራለሁ፤ ደስም ይለኛል። ሂሩት እንደሆነች ሁሉንም ከአባቷ ሰምታለች። ምክንያት ስደረድር አትጨቃጨቀኝም። ቀስ ብላ መጥታ ደረቴን ቋ ቋ ታደርጋለች።

እኔም ወዲያው እንደ ሰው እተረጉማለሁ።