ሰኞ የማይጠፋ መስመር

ሰኞ ሰኞ መስመሩ ጠፍቶ ይገኛል። ዶክተር ባሂራ አብዶን አንድ ዓመት ሙሉ ያስጨነቃት ይህ ነበር።

ካንሰርን በጨረር የማከም ዋናው ጥበብ ማነጣጠር ነው። ሐኪሟ ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ በምስል ታጠናና ታካሚው ቆዳ ላይ በቀለም መስመር ይሰመራል። በየቀኑ ታካሚው ሲተኛ ከግድግዳው የሚወጣው ቀጭን ብርሃን ከመስመሩ ጋር መግጠም አለበት። ከገጠመ፣ ጨረሩ ዛሬም ትናንት ያረፈበት ቦታ ያርፋል። ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ጥቂት በጥቂት ሳምንታት ይፈጃል። ለምን? ጤነኛው ገላ ከዛሬ እስከ ነገ ራሱን ይጠግናል፤ ካንሰሩ ግን ለጥገና ሰነፍ ነው! መስመሩ ሲጠፋ ልኬቱ እንደገና ይሠራል፣ ቀን ይባክናል፣ ሰነፉም ፋታ ያገኛል።

ባሂራ መስመርን የተማረችው ቡታጅራ ውስጥ፣ በልብስ ሰፊው አባቷ ጠረጴዛ ሥር ነው። አቶ አብዶ ጠመኔ ያስይዟትና፣ «ሳታሰምሪ አትቁረጪ» ይሏት ነበር። የጨረር ሐኪም ስትሆን፣ «መቀስሽ ብቻ ነው የተለወጠው» ብለው ሳቁ። አሁን የሥራ ቀኑን አዲስ አበባ፣ ቅዳሜን ቡታጅራ ታካሚዎቿን በማየት ታሳልፋለች።

የእንሴኖዋ በርበሬ ነጋዴ ወይዘሮ ሰፍያ ጡታቸውን በቀዶ ሕክምና ታክመው ሃያ አምስት ቀን ጨረር ታዞላቸዋል። ዓርብ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ሰኞ ሲመለሱ ደረታቸው እንደ አዲስ ሳህን ጠርቷል። በአሥረኛው ቀን ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ቡታጅራ ላይ ተገናኙ። መስመሩ እንደገና የለም።

«እናቴ፣ ምን አደረጉት?»

«ፈተግኩት።»

«እንዳይነኩት ብዬ አልነበር?»

«ምልክት የማውቀው ከረጢቴ ላይ ነው፣ ገላዬ ላይ አይደለም! ቀለምሽ ውሃ ባያሳልፍ፣ ትጥበቴ ባይሞላ፣ ሶላቴን ማሽንሽ ሊሰግድልኝ ነው? ደግመሽ ካሰመርሽብኝ ይቅርብኝ። ዐረፋም ደርሷል፤ ልጆቼ ጋ ልሂድ።»

አሥራ አምስት ቀን ቀርቷል። ባሂራ ደነገጠች። ዓመቱን ሙሉ «አትንኩት» ስትል፣ «ለምን ታጥቡታላችሁ?» ብላ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም። አንገቷን ስትደፋ ዓይኗ የሴትዮዋ መዳፍ ላይ አረፈ፤ ከሠርግ የተረፈ ቀይ አበባ ተስሎበታል።

«ይህኛውስ አልተፈተገም?»

«ሂና ነው እኮ! ቆዳውን ያቀላዋል እንጂ ውሃ አይከለክልም። ይህን ያህል ተምረሽ ሂና አታውቂም?»

ባሂራ ሳቋ መጣ። ያን ዕለት ማታ በግራ ክንዷ ላይ ቀለምና ሂና ጎን ለጎን ነጥብ አድርጋ በየቀኑ ፈተገቻቸው። ቀለሙ በአራተኛው ቀን ጠፋ። ሂናው በአሥራ ሁለተኛውም ይታያል! እስከዚያው ወይዘሮ ሰፍያን ለምና በቀለሙ አቆየቻቸው፤ በየሰኞው እሷ እንደገና ስታሰምር እሳቸው ያጉረመርሙ ነበር። ከዚያ ክንዷን ለባልደረቦቿና ለኃላፊዎቿ አሳየች፤ ታካሚው ከፈቀደ እንድትሞክር ተስማሙ። ወይዘሮ ሰፍያ ፈቀዱ፤ እንዳያሳክካቸው መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ ተሞከረ፣ ከዚያ ደረታቸው ላይ ተሰመረ።

ዐረፋን እንሴኖ አከበሩ፣ እንደ ልባቸው ታጥበው። ሲመለሱ ብርሃኑ በራ፤ መስመሩ ቦታው ላይ ነው። ሃያ አምስተኛው ቀን ሲሞላ ወይዘሮ ሰፍያ ከአልጋው ወርደው፣ «በይ የአብዶ ልጅ፣ ሰፍተሽ ጨርሰሻል!» አሏት።

አሁን ባሂራ ቀለምና ሂናን በአርባ ታካሚዎች ላይ እያነጻጸረች ነው። አንድ ነገር አስቸግሯታል፤ በጣም ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሂናው ጎልቶ አይታይም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወይዘሮ ሰፍያ ቡታጅራ መጥተው ለአዳዲስ ታካሚዎች መስመሩ ለምን እንደሆነ ያስረዳሉ፤ ዶክተሯንም ያርማሉ።

«የተለወሰውን ሂና ከቆዳው ላይ ቶሎ ታነሺዋለሽ። ጨርቅ አስረሽ አቆዪው።»

«ስንት ሰዓት?»

«እኔ ሰዓት አልቆጥርም፤ አንቺ ቁጠሪ።»

ባሂራ እየቆጠረች ነው። ክንዷ ላይ ስድስት ነጥቦች ተደርድረዋል፤ ሂናው ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት የቆየባቸው። አምስተኛው ከስድስተኛው እኩል ደምቋል፤ ተስፋ ሳይኖረው አይቀርም።