ችግረኛ ፍለጋ ወደ ጉና

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

በቅሎዋ ላይ ለመውጣት ሦስት ጊዜ ሞክሬ በአራተኛው ተሳካልኝ። የበቅሎዋ ባለቤት ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። እኔ ግን ክብሬን አልጣልኩም፤ በብብቴ ቅጽ ይዣለሁ። መንግሥት ለችግረኛ ተማሪዎች የምሳ በጀት ፈቅዷል፤ ጉና ሥር ባለው ትምህርት ቤት ማን ችግረኛ እንደሆነ ቤት ለቤት አይቼ የምመዘግበው እኔ ነኝ። እኔ ያልጻፍኩት ልጅ ምሳ አያገኝም። አዲስ አበባ ሄጄ ስለ ቅጽ አሞላል ሁለት ሳምንት ሠልጥኛለሁና፣ ችግርን ከሩቅ አውቃለሁ ባይ ነኝ።

ረፋድ አራት ሰዓት፣ ጉና ሥር

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ገብስ፣ ድንጋይ፣ በግ፣ እንደገና ገብስ። ቤቶቹን የሚያሳየኝ መምህር ስንታየሁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቀኛል፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ወጣት ነው።

የመጀመሪያው ቤት የወይዘሮ ጠጅቱ ነው። ልጃቸው የሺ ገና ለጾም ያልደረሰች የአንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከመቀመጤ የተቀቀለ ድንች በሰፌድ ቀረበ፣ ከነአዋዜው።

«ኧረ ይብሉ፣ አፈር ስሆን!»

«በቃኝ፣ እናቴ።»

«በሞቴ! ይቺን ብቻ።»

በላሁ። መምህሩ «ሆዴን አሞኛል» ብሎ አልነካም። ቅጹ ላይ «ምግብ የተረፈው ቤት፤ ችግር የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ቤት የገብስ ቂጣ፣ ሦስተኛው ቆሎና ጠላ፣ አራተኛው እንደገና ድንች። እኔ እበላለሁ፣ መምህሩን ሆዱን ያመዋል፣ እኔ «ችግር የለም» እያልኩ እጽፋለሁ። ስድስተኛው ቤት ላይ ቀበቶዬን አላላሁ። መምህሩ አሳዝኖኝ ከቦርሳዬ የሆድ ኪኒን ሰጠሁት፤ አመስግኖ ኪሱ ከተተው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ስንመለስ

«ደስ ይበልህ፤ አገሩ ጥጋብ ነው። አንድም ችግረኛ አላገኘሁም» አልኩት።

መምህሩ ቆመ። ኪኒኑን አውጥቶ መለሰልኝ።

«እኔ ምንም አላመመኝም። ጓድ፣ ዛሬ በየቤቱ የበሉት የልጆቹን ድርሻ ነው። እዚህ እንግዳ ጦሙን አይሸኝም። እንግዳውም ይህን ያውቃል፤ ቀምሶ ይተዋል። እንደ እርስዎ ጠርጎ የበላ ግን አላየሁም።»

አፈርኩ። ከዚህ በፊት እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ ሆዴ ሞልቶ መሆኑ ደግሞ ባሰብኝ።

ዓርብ ጠዋት

ትምህርት ቤቱ አድሬ፣ ቅጹን ቀድጄ በአዲስ ቅጽ ከመምህሩ ጋር ቤቶቹን እንደገና መዞር ጀመርኩ። ጭንቁ እንደገና ማብላታቸው ነው። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ሁለታችንም ሆዳችንን አሞናል ካልን ደግሞ በሽታ ገባ ተብሎ ይወራል። ያዳነኝ ዓርብነቱ ነው።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» አልኩ፤ በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ጾም ኋላ ቀርነት ነው ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ የተናገርኩት ሰውዬ።

ወይዘሮ ጠጅቱ ፊታቸው በራ። «እሰይ! ጓድ ሲሏችሁ ጊዜ የማትጾሙ መስሎኝ!»

ትናንት ዓይኔ ሰፌዱ ላይ ስለነበር ቤቱን አላየሁትም ነበር። ጎታው ባዶ ነው። ጥግ ላይ ለዘር የተቀመጠ ጥቂት ድንች አለ፤ ትናንት የበላሁት ከዚያ ላይ ተነስቶ ነው።

በስድስት ሰዓት ክፍል ገባሁ። የሺ ደብተሯ ላይ ተደፍታለች። ግማሽ ቀን ብቻ ሳልበላ እኔም ርቦኝ ነበርና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀና ብላ አየችኝና ቦታ ለቀቀችልኝ።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ደብረ ታቦር

ከበቅሎ ወርጄ በቀጥታ ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«የገባህበት ቤት ሁሉ ችግረኛ ነው?»

«ሁሉም።»

«ስንቅ አልያዝክም። ታዲያ ሐሙስን ምን በልተህ ዋልክ?»

«የልጆቹን ምሳ» አልኩት።

ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ፈረመ።